ቀስቱ ያረፈበት ቦታ

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠን ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል የሚካሄድ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በስክሪን እንከታተል ነበር። እኔ የሕክምና መሣሪያዎች መሐንዲስ ስለሆንኩ የዕለቱ ድርሻዬ መስመሩ እንዳይቋረጥ መጠበቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አንጋፋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ደግሞ እዚያ ከታካሚው አጠገብ ለቆመችው ወጣት ሐኪም በድምፅና ስክሪኑ ላይ በጣታቸው በሚስሉት ቀይ ቀስት መንገዱን ያሳዩአት ነበር። ሥራው በላፓሮስኮፒ ነበር፤ ይኸውም ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች የሚሠራ ነው።

ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሁሉ የሚፈራው አንድ ቦታ አለ። ከሐሞት ከረጢቱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ተለይቶ መታሰርና መቆረጥ አለበት፤ ከጉበት ወደ አንጀት ሐሞት የሚያወርደው ዋናው ቱቦ ግን ፈጽሞ መነካት የለበትም። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ብግነት ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይመስላል። ዶክተሩ ቀስታቸውን ቀጭኑ ቱቦ ላይ አሳረፉና «ይኼ ነው፤ ክሊፑን እዚህ አድርጊው» አሉ። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ የሐኪሟ ድምፅ መጣ፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ጋ ቀስቱ ያረፈው ታችኛው ላይ ነው። እሱን ነው የሚሉኝ?»

ታችኛው ዋናው ቱቦ ነበር። የዶክተሩ እጅ ከስክሪኑ ላይ ወዲያው ተነሣ። «የለም! እንዳትነኪው፤ ቁሚ!» አሉ። እሷ ግን ድምፃቸው ገና መንገድ ላይ ሳለ በራሷ ጥንቃቄ መሣሪያውን ወደ ኋላ መልሳ ይዛው ነበር።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ዶክተሩ የሚያዩት ምስል ከአንድ ሰከንድ በላይ ያረጀ ነበር። እሳቸው ቀስቱን በመሳል ላይ ሳሉ፣ እዚያ ካሜራውን የያዘችው ሲስተር ጥቂት ወደ ጎን አዙራው ነበር፤ ቀስቱም ወደዚያ ለመድረስ የራሱን ጊዜ ወሰደ፤ ሲደርስም ዶክተሩ አይተውት በማያውቁት ምስል ላይ አረፈ። ከሦስቱ ሰዎች አንዳቸውም አላጠፉም። መስመሩም አልተቋረጠም፤ በእኔ መቆጣጠሪያ ላይ ሁሉም መብራት አረንጓዴ ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ታካሚዋም ድነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ «መስመሩ ይሠራል» ብዬ እንደ ድሮው አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም።

መዘግየት እንዴት ጉዳት እንደሚያደርስ ለመረዳት ፒያሳ ላይ ሚኒባስ ወደ ኋላ እየሄደ ሲቆም ማየት ይበቃል። ረዳቱ ከኋላ ሆኖ «ና፣ ና፣ ና» ይላል፤ «በቃ!» ሲል ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል። «በቃ» የምትለው ቃል ሾፌሩ ጆሮ ግማሽ ሰከንድ ዘግይታ ብትደርስ፣ መኪናው በግማሽ ሰከንድ የሚሄደውን ያህል ትርፍ ይሄዳል። የስሕተቱ መጠን ፍጥነት በመዘግየት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ይህንኑ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ብናመጣው፣ የመሣሪያው ጫፍ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር እየተንቀሳቀሰ ምስሉ መጥቶ ትእዛዙ እስኪመለስ 300 ሚሊ ሰከንድ (የሰከንድ ሦስት አሥረኛ) ቢፈጅ፣ መሣሪያው መቆም ከነበረበት ቦታ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያልፋል ማለት ነው፤ ይህም የሐኪሙ ዓይንና እጅ የሚፈጁት ጊዜ ሳይታከልበት ነው። 1.5 ሴንቲ ሜትር በመንገድ ላይ ምንም አይደለም። በሐሞት ቱቦዎች መካከል ግን ብዙ ነው። በሮቦት ሲሠራ የእጅን እንቅስቃሴ አሳንሶ ማስተላለፍ ስለሚቻል፣ የሐኪሙ እጅ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲሄድ ቢደረግ ያው ስሕተት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ቀላሉ ይህ ይመስለኛል፤ ዋጋውም ዝግታ ነው።

ከሩቅ ሆኖ ቀዶ ሕክምና ማድረግ እንደሚቻል ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2001፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 2 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ዶክተር ዣክ ማሬስኮ ኒውዮርክ ላይ ተቀምጠው፣ ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ሆስፒታል የተኙ የ68 ዓመት ሴት የሐሞት ከረጢት ዜውስ በተባለ ሮቦት አወጡ። ሥራው 54 ደቂቃ ፈጀ። ስለዚህ ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች የሚደነቁት አትላንቲክ ውቅያኖስን በመሻገሩ ነው፤ እኔ ደጋግሜ የማነበው ግን ስለ መዘግየቱ የተጻፈውን ጥቂት መስመር ነው። ጠቅላላው መዘግየት በአማካይ 155 ሚሊ ሰከንድ ነበር። ከዚህ ውስጥ 85 ገደማው በመስመሩ ላይ የዋለ ሲሆን፣ 70 ገደማው ቪዲዮውን ለማመቅና መልሶ ለመፍታት ያለቀ ነው። ውቅያኖስን ደርሶ መልስ ለማቋረጥ የወሰደው ጊዜና በሁለት ሣጥኖች ውስጥ ያለፈው ጊዜ ያን ያህል አይራራቁም ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ለእኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና መንገድ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፋይበሩ መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ ደርሶ መልሱ ከ7 ሚሊ ሰከንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ እኛ በዚያ ማክሰኞ ያጣነው አንድ ሰከንድ ከነትርፉ በርቀት የተበላ አይደለም። ካሜራው፣ ቪዲዮውን የሚያምቀው ኮምፒውተር፣ መረጃው ተራውን የሚጠብቅባቸው ራውተሮች፣ የሆስፒታሉ ዋይፋይ፣ መጨረሻም ስክሪኑ ራሱ እየተቀባበሉ የወሰዱት ነው። አንዳንድ ኃላፊዎች ችግሩን ስንነግራቸው «ኢንተርኔቱን ከፍ እናድርገው» ይሉናል፤ የመስመሩ ስፋትና የመልእክቱ ፍጥነት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰፊ መንገድ ብዙ መኪና ያሳልፋል እንጂ ኬላው ላይ የቆመውን መኪና አያስነሣም።

ርቀት እውነተኛ ምክንያት የሚሆነው መስመሩ በሳተላይት ሲያልፍ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ በቆመ ሳተላይት በኩል አንድ ቃል ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ምላሹ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ይሞላል። በልጅነቴ ውጭ አገር ያለችው አክስቴ ስትደውል ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንናገርና ሁላችንም በአንድ ጊዜ ዝም እንል ነበር። ዘዴውን ያገኘችው እናቴ ናት። የምትለውን ትጨርስና «እሺ፣ አንቺ ቀጥዪ» ብላ ከዚያኛው ወገን ድምፅ እስኪመጣ ምንም ሳትተነፍስ ትጠብቃለች። እናቴ በደመ ነፍስ ያገኘችው ይህ ዘዴ በኋላ ትምህርት ሆኖ ጠበቀኝ።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ሸሪደንና ዊልያም ፌሬል ሰዎችን በመዘግየት ውስጥ የሜካኒክ ክንድ እንዲያንቀሳቅሱ አድርገው ተመልክተዋቸው ነበር። ያዩት ነገር እስከ ዛሬ የዚህ ሙያ መሠረት ነው፤ ሰው ማንም ሳያስተምረው ጥቂት ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል፣ የእንቅስቃሴውን ውጤት እስኪያይ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደገና ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ሥራው ይረዝማል፤ ግን በትክክል ያልቃል።

ይህን በዓይኔ ማየት ስለፈለግሁ አንድ ቅዳሜ ከአምስት ኪሎ ሁለት የምህንድስና ተማሪዎችን ጠርቼ በርካሽ ሰርቮ ሞተሮች የተገጣጠመች ትንሽ የሮቦት ክንድ ጠረጴዛ ላይ አቆምን። ሥራው አሥር ፍሬ ጥሬ ቡና ከሰፌድ እያነሡ ስኒ ውስጥ መጨመር ነበር። ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በስክሪን ብቻ ያያል፤ በኮምፒውተሩ ደግሞ የፈለግነውን ያህል መዘግየት እንጨምራለን። በ150 ሚሊ ሰከንድ ልጆቹ መዘግየት መጨመሩን አላወቁም ነበር፤ እጃቸው ግን ሳይታወቃቸው ዝግ ብሎ ነበር። በ300 የክንዱ ጫፍ ፍሬውን እያለፈው ይሄድ ጀመር። በ600 አንደኛው ልጅ በንዴት ቸኮለና ሰፌዱን ገፋው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሁላችንም ጠረጴዛው ሥር ተንበርክከን ቡና ስንለቅም ቆየን።

ከዚያ ዶክተሩ ተቀመጡ። 600 ላይ ሆነው ክንዱን ትንሽ ያንቀሳቅሱና እጃቸውን ፈጽሞ ከመቆጣጠሪያው ላይ ያነሣሉ፤ ይመለከታሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ክንድ መቆሙን ሲያዩ ብቻ እጃቸውን ይመልሳሉ። አንድም ፍሬ አልወደቀባቸውም። እንዴት እንደቻሉ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ይኼ እኮ ደም ሲፈስ የምናደርገው ነው። ትጫናለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ቀስ ብለህ አንሥተህ ታያለህ። ወጣት ሐኪም ቶሎ ቶሎ እያነሣ ያያል፤ ለዚህ ነው ደሙ የማይቆምለት» አሉኝ።

ከሙከራው ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ነው። መዘግየቱን 600 ላይ አጽንተን ከማቆየት ይልቅ በ200ና በ600 መካከል እንደ ፈለገው እንዲዋዥቅ ለቀቅነው። አማካዩ ዝቅ ስላለ ሥራው መቅለል የነበረበት ይመስላል። ሆኖም ዶክተሩን ጨምሮ ማንም ሊለምደው አልቻለም። ክንዱ አንዴ ቶሎ ይታዘዛል፣ አንዴ ዘግይቶ ይመጣል፤ እጅ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት ሊማር የሚችልበት ነገር ያጣል። ዶክተሩ ሁለት ፍሬ ከጣሉ በኋላ ተነሥተው «ይህን አልሠራበትም» አሉ። ሰው ከዘገየ ነገር ጋር ተስማምቶ ሊኖር እንደሚችል፣ ከማይታመን ነገር ጋር ግን እንደማይችል ያን ቅዳሜ አየሁ። እዚህ ከተማ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ በየሃያ ደቂቃው ያለ ጥርጥር የሚመጣ አውቶቡስ፣ አንዳንዴ በአምስት ደቂቃ አንዳንዴ በሃምሳ ደቂቃ ከሚመጣው ይሻላል።

ስለዚህ የዚህ ሙያ ሰዎች ለሰሚው እንግዳ የሚመስል ሥራ ይሠራሉ፤ ሆን ብለው መዘግየት ይጨምራሉ። ቶሎ የደረሰው ምስል በማቆያ ቋት ውስጥ ተቀምጦ የዘገየው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ሁሉም እኩል ዘግይቶ ይወጣል። ሐኪሙ የሚያገኘው የጸና መዘግየት ነው። የስትራስቡርጉ መስመርም ለዚያ ሥራ ብቻ የተያዘ ስለነበር ከ155ቱ ብዙም ፈቀቅ አላለም፤ ቁጥሩ ትንሽ ከመሆኑ ያላነሰ የረዳቸው ይህ ጽናቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቋቱ ግን ወሰን አለው። እነማሬስኮ ከሙከራቸው ተነሥተው በደኅና ሊሠራበት የሚቻለው ከፍተኛው መዘግየት 330 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው ብለው ገምተው ነበር፤ መስመሩ ከዚያ በላይ እየዋዠቀ ቋት ብናሰፋለት የምናገኘው የጸና፣ ነገር ግን ለቢላዋ የማይሆን መዘግየት ነው።

ስለ ንክኪም አንድ ነገር ልበል። ሮቦቱ የነካውን ጥንካሬ ለሐኪሙ እጅ መልሶ ቢያሰማው መልካም ይመስላል፤ ያለ መዘግየት ከሆነ መልካም ነው። ስሜቱ ሲዘገይ ግን እጅን የሚገፋው እጁ ቦታ ከለቀቀ በኋላ ነው፤ እጅ ያንን ሊያርም ሲል ሮቦቱን ይገፋል፤ ሮቦቱ መልሶ ይገፋል፤ ሁለቱ እየተገፋፉ መንቀጥቀጡ ይጎላል። እ.ኤ.አ. በ1989 አንደርሰንና ስፖንግ፣ በ1991 ደግሞ ኒሜየርና ስሎቲን ያገኙት መፍትሔ፣ ኃይልንና ፍጥነትን ለየብቻ ከመላክ ይልቅ ቀላቅሎ እንደ ሞገድ መላክ ነው፤ በዚህም መስመሩ ከገባበት ጉልበት በላይ እንዳይሰጥ ይደረጋል። መንቀጥቀጡ ይቀራል፤ ነገር ግን የሚዳሰሰው ነገር ሁሉ ስፖንጅ የነካ ያህል ይለሰልሳል። ሒሳቡ ውብ ነው፤ ብዙ ሌሊት ቆይቼበታለሁ።

መዘግየቱ ሰከንዶች ሲሆን ደግሞ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ጨረቃ ላይ ያረፈችው የሶቪየት ሉኖኮድ 1 ከምድር ትነዳ የነበረው ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ሁለት ሰከንድ ተኩል እየፈጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር የተጓዘው የጀርመኖቹ ሮቴክስ ክንድ ከምድር ሲታዘዝ መዘግየቱ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ነበር፤ ሆኖም በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ዕቃ ያዘ። ያስቻለው ነገር ኮምፒውተሩ ክንዱ ወዴት እንደሚደርስ ቀድሞ አስልቶ ለኦፕሬተሩ ማሳየቱና፣ የመጨረሻውን ጥቃቅን ማስተካከያ ክንዱ በራሱ ዳሳሾች ማድረጉ ነው። በሰው ሆድ ውስጥ ይህን መድገም ከባድ ነው፤ የብረት ዕቃ የሚሄድበት ይታወቃል፣ አንጀት ግን ይተጣጠፋል፣ ይተነፍሳል፣ ይደማል። ቀድሞ በተሰላ ምስል ላይ ቢላዋ እንዲያሳርፍ ሐኪም መጠየቅ ዛሬ ባለው እውቀት ትክክል አይመስለኝም።

እንግዲህ ለእኛ የሚሆነው የትኛው ነው? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የአፍሪካ ሆስፒታሎችን ከሕንድ ሆስፒታሎች ጋር ባገናኘው በፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ አማካይነት ሕንድ ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ። ለምክክር፣ ራጅ ልኮ ሐሳብ ለመቀበል፣ ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ ማንንም አይጎዳም። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር ደግሞ ዶክተር ቪፑል ፓቴል አሜሪካ ኦርላንዶ ሆነው አንጎላ ሉዋንዳ የሚገኝ ታካሚ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በሮቦት አደረጉ፤ ከታካሚው አጠገብም ሥራውን ሊረከብ የሚችል ቡድን ቆሞ ነበር። አፍሪካ ውስጥ መደረጉ አስደስቶኛል። ሆኖም የእኛን መንገድ ይበልጥ የሚያሳየኝ የካናዳው ዶክተር መህራን አንቫሪ ሥራ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2003 ጀምሮ ከሃሚልተን 400 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ኖርዝ ቤይ ያሉ ታካሚዎችን ያከሙት ለአንድ ቀን ትርዒት በተዘረጋ መስመር አልነበረም። በንግድ አገልግሎት ላይ በነበረ መስመር፣ የቀዶ ሕክምናው መልእክት ቅድሚያ እንዲያገኝ ተደርጎ፣ ሌላ ተጠባባቂ መስመር ጎን ለጎን ተይዞ ነው። መዘግየቱ 140 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነበር። ቅድሚያና ተጠባባቂ መስመር ሮቦት ከመግዛት በፊት ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን መለካት አለ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ስልክ ነው። እዚያ ያለችው ሲስተር በአንዱ ስልክ የሩጫ ሰዓት ታስነሣና ካሜራው ፊት ታቆመዋለች፤ እዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሰዓት እሷ ራሷ ጋ መልሰን እናሳያታለን፤ በሁለተኛው ስልክ ሁለቱን ሰዓቶች በአንድ ፎቶ ታነሣቸዋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደርሶ መልሱ መዘግየት ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አምስት ፎቶ ብታነሣ መዋዠቁም ይታወቃል። አሁን ያለዚህ ሥራ አንጀምርም። የንግግሩንም ሥርዓት ቀይረነዋል፤ ዶክተሩ ቀስት የሚያሳርፉት በቆመ ምስል ላይ ብቻ ነው፣ ያው የቆመ ምስል ከነቀስቱ እዚያ ይላካል፣ ሐኪሟም ያየችውን በቃሏ ደግማ ሳትናገርና «አዎ» ሳትባል እጇን አታንቀሳቅስም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ይህ ሥራ ያጓትታል» ብለው ነበር። ያጓትታል፤ ጊዜውን ከእናቴ የስልክ ወግ ተምሬ የፈቀድሁት ነው።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ተገናኝተን ነበር። ዶክተሩ መነጽራቸውን እየጠረጉ «ሲስተር፣ ዛሬ ስንት ነው?» አሉ። ፎቶዎቹን እያየች ስትቆጥር ሰማናት፤ «ሰባት መቶ አርባ፣ ሰባት መቶ ሃምሳ፣ ሰባት መቶ አርባ… ዶክተር፣ ብዙ አይዋዥቅም» አለች። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡና «እንግዲያው ምስሉን አቁሚልኝ» አሉ።